«ነገ ተመለሱ» ይርጋን አያቆምም

ማታ በር ላይ ያቆሙት መኪና ጠዋት የውሃ ሽታ ሲሆን፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከድንጋጤው መሀል አንድ መጽናኛ አያጣም። «ደግነቱ ዋስትና ገብቻለሁ» ይላል። ሦስት አራት ወር አልፎ ያንኑ ሰው ቢያገኙት ግን ወሬው ሌላ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ «እየተከታተልን ነው»፣ ኢንሹራንሱ ጋ ሲሄድ ደግሞ «የፖሊስን ውጤት እየጠበቅን ነው» ይሉታል። መኪናውን በብድር ገዝቶት ከሆነ ባንኩ የወር ክፍያውን አንድም ወር አልዘለለም።

ብዙው ሰው እዚህ ላይ መታገሥን ይመርጣል። «ጉዳዩ ተይዟል፤ ብነዘንዛቸው ያከፉብኛል» ይላል። እኔ ግን የዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ከስርቆቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። የመዘግየት ዋጋ ከአንዱ ወገን ኪስ መውጣቱ አይቀርም፤ ዝም ካሉ የሚወጣው ከባለመኪናው ነው። ገንዘቡ በየወሩ የመግዛት አቅሙን ያጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ፣ ይርጋ የሚባለው፣ ድምፅ ሳያሰማ ቆጥሮ ቆጥሮ ያልቃል።

መጀመሪያ ግን የያዙት ዋስትና ምን ዓይነት እንደሆነ ይለይ። የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። ምልክቱ የሚናገረው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲኖረው ስለተገደደው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ያ መድን የሚክሰው መኪናው በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። መኪናው ራሱ ቢሰረቅ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ስርቆትን የሚሸፍነው በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የምንለው ውል ነው፤ እሱም ቢሆን ሁሉንም ስርቆት በእኩል አያይም። ስፖኪዮና ፍሬቻ ብቻ ተነቅሎ ቢወሰድ፣ በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ሄደው የራስዎን ዕቃ መልሰው የሚገዙበት ዓይነት ስርቆት ማለቴ ነው፣ አንዳንዱ ውል ጨርሶ አይሸፍነውም፤ ሌላው ተጨማሪ አረቦን ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ የሚነግርዎ ፖሊሲው ነው። ብዙ ሰው ግን እጁ ላይ ያለው የክፍያ ደረሰኝና አንድ ገጽ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ሙሉ ውል፣ ከተጨማሪ ስምምነቶቹ ጋር፣ ቅጂ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ስርቆቱን በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለብዎ፣ ከካሳው ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ ክርክር ቢነሳ ወዴት እንደሚኬድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ማሳወቂያው በስልክ ቢጀመርም የግድ በጽሑፍ ይከተል። በዚያው ሰሞን የፖሊስ ደብዳቤ ይዘው የመኪናው ፋይል ወዳለበት የተሽከርካሪ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ስሙ ወደ ሌላ ሰው እንዳይዛወር ፋይሉ ላይ እግድ ያስይዙ። ይህን የሚዘነጋው ሰው ብዙ ነው።

ፋይሉ የሚተኛው የት ነው?

ለኢንሹራንሶቹም የሚገባቸውን እንስጣቸው። መኪናውን ክፍለ ሀገር ሸጦ ወይም ዘመድ ግቢ ደብቆ «ተሰረቅሁ» የሚል ደንበኛ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ ማጣራታቸው ተገቢ ነው፤ ምናልባት ይገኝ ይሆናል ብለው ጥቂት ጊዜ መጠበቃቸውም እንዲሁ። ጥያቄው ማጣራቱ በእርግጥ እየተካሄደ ነው ወይስ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚተኛው በሁለት ደብዳቤዎች መካከል ነው። የመጀመሪያው ባለመኪናው ማመልከቱን ብቻ የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ እሱ ቶሎ ይገኛል። ሁለተኛው ምርመራ ተደርጎ መኪናው አለመገኘቱን የሚገልጸው ነው፤ ገንዘቡን የሚያስለቅቀው ይኸኛው ነው። ይህ ደብዳቤ በራሱ ጊዜ አይመጣም። ኢንሹራንሱ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ፖሊስ ደግሞ መርማሪው ተቀይሮ ከሆነ ፋይሉን ማፈላለግ አለበት። ሁለቱም «እነሱን እየጠበቅን ነው» በሚሉበት ጊዜ ባለመኪናው አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ «ለፖሊስ የጻፋችሁት ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው?» ቁጥር ከሌለ ደብዳቤም የለም። ቁጥር ካለ ይዘውት ወደ ጣቢያው መሄድ ይችላሉ፤ በቁጥር የተጠየቀ ደብዳቤ ደግሞ በአፍ ከተጠየቀው ፈጥኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ማነቆ ቁልፍ ነው። የካሳ ክፍሉ የመኪናውን ቁልፎች በሙሉ እንዲያስረክቡ ይጠይቃል። አንድ ብቻ ይዘው ሲቀርቡ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ቁልፉን ያገላብጥና «ሌላኛውስ?» ይላል። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ፋይሉ ወደ ተጠራጣሪ ረድፍ ይዛወራል። እዚህ ላይ ብዙ ንጹሕ ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱም ያገለገሉ ሆነው በዱባይ በኩል ከገቡት ቪትዞችና ኮሮላዎች ውስጥ ከመጀመሪያውም አንድ ቁልፍ ብቻ ይዘው የመጡ አሉ። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ መኪናው ሳይጠፋ፣ መድኑን በሚገቡበት ቀን፣ በማመልከቻው ላይ ይጻፉት። ያኔ ካልጻፉ ደግሞ ሲጠየቁ እንደ ነገሩ አይመልሱ፤ ከማን እንደገዙና ስንት ቁልፍ እንደተረከቡ በጽሑፍ ያስረዱ፣ ሻጩም ቢሆን ምስክርነቱን ይስጥ።

ቁልፉን መኪናው ላይ ትተው ሱቅ ገብተው ከሆነስ? ሰበብ ለመፍጠር አይሞክሩ፤ ውሸቱ ከቸልተኝነቱ የበለጠ ይጎዳል። በንግድ ሕጉ ቁጥር 663 መሠረት የመድን ገቢው ቸልተኝነት ብቻውን ኢንሹራንሱን ነጻ አያወጣውም፤ ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳት ግን ነጻ ያወጣዋል። ስለዚህ «ቁልፍ ትተሃል» ብለው ከከለከሉዎ ይህን የሚል ግልጽ ማግለያ ፖሊሲው ውስጥ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ያሳዩዎ። ካለ ተይዘዋል፤ ከሌለ ግን «ጥንቃቄ ጎድሎታል» የሚለው ንግግር ብቻውን ካሳ አይከለክልም።

በአገራችን ከሁሉ የባሰው ጣጣ የስም ጣጣ ነው። መኪና ሲሸጥ ስም ማዛወር ወጪውም መንገላታቱም ስለሚበዛ፣ ገዢና ሻጭ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና ብቻ ይሰጣጣሉ። ሊብሬው በሻጩ ስም ይቀራል፤ ገዢው እንደ ልቡ ይነዳል፣ ኢንሹራንሱንም አንዳንዴ በራሱ ስም አንዳንዴ በሻጩ ስም ይገባል። መኪናው እስካለ ድረስ ማንም አይጠይቅም፤ በጠፋ ማግሥት ግን «ካሳው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሻጩ ውጭ አገር ሄዶ ከሆነ፣ ይባስ ብሎ ሞቶ ከሆነ፣ ውክልናውም በሞቱ ስለሚያበቃ ወራሾች መሀል ይገባሉ። ሕጉ በዕቃው ላይ ጥቅም ያለው ሰው ዕቃውን ማስመድን እንደሚችል ይቀበላል፤ ያንን ጥቅም ማስረዳት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው። የሽያጭ ውሉን፣ ዋጋውን በባንክ የከፈሉበትን ማስረጃና ዓመታዊ ምርመራውን በማን ስም እንዳስደረጉ የሚያሳየውን ደረሰኝ ሰብስበው ያስገቡ። አዲስ አበባ ያለ መኪናውን በወንድሙ ወይም በጓደኛው ስም አድርጎ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው ደግሞ ይህን ማስተካከል ያለበት አሁን፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

አጠቃቀምም ያከራክራል። ለግል አገልግሎት ተብሎ አረቦን የተከፈለበት መኪና ሲሰረቅ የራይድ ሥራ ላይ ወይም ኪራይ ላይ ከነበረ፣ ኢንሹራንሱ «ይህን አልነገርከንም» ይላል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ኪራይን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። መኪናዎን ያለ ሹፌር ለአንድ ሰው አከራይተው ተከራዩ ይዞት ቢሰወር እርስዎ «ተሰረቀብኝ» ይላሉ። የወንጀል ሕጉ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ስርቆት በአንቀጽ 665 ነው፤ በአደራ ወይም በውል የተሰጠን ዕቃ ይዞ መቅረት ግን እምነት ማጉደል ተብሎ በአንቀጽ 675 ይወድቃል። ፖሊሲው «ስርቆት» ብቻ የሚል ከሆነ፣ እንዲያውም እምነት ማጉደልን በስም የሚያገል ከሆነ፣ ፖሊስ በመዝገቡ ላይ የጻፈው አንድ ቃል የካሳዎን ዕጣ ሊወስን ይችላል። እውነቱን ይናገሩ፤ ግን ቃልዎን ሲሰጡ የሆነውን በዝርዝር ያስመዝግቡና ከመፈረምዎ በፊት አስነብበው ይስሙት።

ስንት ነው የሚከፈለው?

መዘግየቱ አንዳንዴ የሚመጣው ይከፈል አይከፈል ከሚለው ሳይሆን ስንት ይከፈል ከሚለው ነው። የንግድ ሕጉ ቁጥር 678 የዕቃ መድን የካሳ ውል ነው ይላል፤ ካሳው ዕቃው በጠፋበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ውሉ ላይ የተጻፈው የመድን መጠን ደግሞ ሌላ ጣሪያ ነው። የሚከፈለው ከሁለቱ ያነሰው ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል።

ይህ ድንጋጌ የመኪና ዋጋ በየዓመቱ በሚወርድበት አገር ለኢንሹራንሱ ጥበቃ ነው። የእኛ አገር መኪና ግን በተቃራኒው ነው የሄደው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያረጀ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ አየን። የመድን መጠኑ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ካልተናገረ በስተቀር በአሮጌው ዋጋ እየታደሰ ይቀጥላል፤ አረቦኑም ስለሚቀንስ ማንም ቅር አይለውም።

በቁጥር እንየው። ገበያ ላይ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ብር መድን ተገብቶለታል እንበል። ሙሉ በሙሉ ቢሰረቅ ባለቤቱ የሚያገኘው 1,200,000 ብር ነው፤ 800,000 ብሩ የራሱ ኪሳራ ነው። መኪናው ተገኝቶ 100,000 ብር የሚያወጣ ጉዳት ቢኖርበትስ? መድኑ የመኪናውን ዋጋ 60 በመቶ ብቻ ስለሚሸፍን፣ ጉዳቱም በዚያው ልክ ተሰልቶ 60,000 ብር ይከፈላል። ይህን ሲሰሙ የሚናደዱ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ሕጋዊ ነው። ውልዎ የሚታደስበት ቀን ከመድረሱ በፊት የመኪናዎን የወቅቱን ዋጋ አስገምተው መጠኑን ያስተካክሉ።

ግምቱ ሐቀኛ ካልመሰለዎ ደግሞ «አይበቃኝም» ብለው ብቻ አይመለሱ። ተመሳሳይ ዓይነት፣ ዓመተ ምሕረትና ኮድ ላለው መኪና ከሁለት ከሦስት ቦታ የተጻፈ የሽያጭ ዋጋ አምጥተው፣ መኪናው የጠፋበትን ወር ዋጋ መሠረት አድርገው ይከራከሩ። የጠፋበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ የሚከፈልበት ቀን አይደለም። የመዘግየቱ ጉዳት ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ የተተመነ ካሳ በሰኔ ሲከፈል ያንኑ መኪና አይገዛም።

የምትመለስ ቅጂ

የአገራችን ሰው ደጅ ሲጠና በአካል መሄድ ይወዳል። ኃላፊውን ማነጋገር፣ የሚያውቁት ሰው ማስደወል፣ «እባክህ ወንድሜ» ማለት የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ይሠራል። ግን ስለ ሄዱበት ቀን ማስረጃ የለዎትም። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ቢቀየር የነገሩት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል የተባለው እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር በሁለት ቅጂ ይጻፉ። ኃላፊው ቢሮ ሳይሆን መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይግቡ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ አንዱን ታስቀርና ሌላኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን ጽፋ፣ ማኅተም መትታ ትመልስልዎታለች። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ከኃላፊው ፈገግታ ትበልጣለች፤ አንድ ቀን ፍርድ ቤት የምትቆመው እሷ ናትና። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ፤ ደረሰኙን ይያዙ። በስልክ የተነገረዎትንም ቢሆን በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ በነገራችሁኝ መሠረት…» ብለው በኢሜይል ወይም በደብዳቤ መልሰው ይላኩላቸው።

ሰነዶቹን ሲያስረክቡም ሊብሬ፣ ቁልፍ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ እያሉ ዘርዝረው ያስፈርሙ። ከዚያ በኋላ «የጎደለ ሰነድ አለ» የሚል ወገን የጎደለውን ራሱ መጥቀስ ይገደዳል። ሰነድን በየወሩ አንድ አንድ እያሉ መጠየቅ ከታወቁት የማዘግየት ዘዴዎች አንዱ ነው፤ መድኃኒቱም «የሚቀረውን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ዘርዝሩልኝ» የሚል አንድ ደብዳቤ ነው። «የጠለፋ ዋስትና ሰጪው ገና ስላልላከልን ነው» የሚል መልስም ይሰማል። ይህ እርስዎን አይመለከትም። ኢንሹራንሱ ኃላፊነቱን ለሌላ ድርጅት አካፍሎ ቢሆን እንኳ ለእርስዎ ተጠያቂው የተዋዋለዎት እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሲወጣ የ1952ቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረ የመሰላቸው አሉ። የመድን ክፍሉ አልተሻረም፤ ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ ነው። እዚያ ውስጥ ቁጥር 665 መድን ሰጪው አደጋው ሲደርስ በፖሊሲው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መክፈል አለበት ይላል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚታየው ፖሊሲው የሰጠው ቀን ነው።

ቀኑ ካለፈ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይገባል። ቁጥር 1772 አንድ ተዋዋይ ሌላውን «ውሉን አልፈጸምክም» ብሎ ከመጠየቁ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት ይላል። ማስጠንቀቂያው የጠብ ደብዳቤ አይደለም፤ በሕግ የሚጠበቅ እርምጃ ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በፖሊሲ ቁጥር … መድን የተገባለት፣ የሰሌዳ ቁጥሩ … የሆነ ተሽከርካሪዬ መሰረቁን በ… ቀን በጽሑፍ አሳውቄ፣ የተጠየቅሁትን ሰነድ በሙሉ በ… ቀን አስረክቤያለሁ። እስካሁን ክፍያም ሆነ በምክንያት የተደገፈ ምላሽ አልተሰጠኝም። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ ካሳውን እንድትከፍሉኝ፣ ቀረ የምትሉት ሰነድ ካለም ዘርዝራችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ሕጋዊ ወለድ ጨምሬ በሕግ የምጠይቅ መሆኔን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት አስጠነቅቃለሁ።»

የዚህች ደብዳቤ ጥቅም ወለዱ ላይ ይታያል። በቁጥር 1803 መሠረት ዕዳውን በመክፈል የዘገየ ባለዕዳ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ ይከፍላል፤ መጠኑ በቁጥር 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። በ1,200,000 ብር ላይ ሲሰላ በዓመት 108,000፣ በወር 9,000 ብር ነው። ያልተጻፈች ደብዳቤ በየወሩ ይህን ያህል ልታሳጣ ትችላለች። ቢሆንም ወለዱን እንደ ሙሉ ካሳ አይቁጠሩት። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ዘጠኝ በመቶ ያንን አይደርስበትም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያዘገየው ወገን ወለዱን ከፍሎም አይከስርም፤ ስለዚህ ወለዱን ተማምኖ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

አሁን ወደ ይርጋው። የንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል ይላል፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ ካወቀበት ቀን ነው። ለሌላ ውል የተለመደው አሥር ዓመት እዚህ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደብዳቤ መጻፍና መመላለስ ይህን ቆጠራ የሚያቆም ስለሚመስለው ነው። ማስጠንቀቂያው ወለድ ያስጀምራል፤ ይርጋ አያቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 መሠረት ይርጋን የሚያቋርጠው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ወይም ባለገንዘቡ ክስ መመሥረቱ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱ «ይህን ያህል ልንከፍልዎ ተዘጋጅተናል» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ካለ በደንብ ያስቀምጡት፤ በገንዘቡ መጠን ባይስማሙም ወረቀቱ ዕዳውን ማመን ሊሆንልዎ ይችላል። «ጉዳይዎ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ማመን አይደለም። «ነገ ተመለሱ» የሚለውማ ወረቀት እንኳ የለውም። የፖሊስ ምርመራው ወይም የሌባው ክስ እስኪያልቅ ልጠብቅ ማለትም አደገኛ ነው፤ የወንጀል መዝገብ ከሁለት ዓመት በላይ ሊጓተት ይችላል። የጠፋበትን ቀን በካላንደር ላይ ያክብቡና ዓመት ተኩል ሲሞላ ጉዳዩ ካልተቋጨ ጠበቃ ያማክሩ።

አቤቱታው ወዴት ይሂድ?

መጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ፣ ከቅርንጫፍ ከፍ ወዳለው ኃላፊ። ቀጥሎ የመድን ድርጅቶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አለ፤ ሥልጣኑን ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 746/2004 ነው። የገቢ ማኅተም ያለባቸውን ቅጂዎች አያይዘው ያመልክቱ። ባንኩ ፍርድ ቤት አይደለም፤ «ክፈል» ብሎ ፍርድ አይሰጥዎትም። ቢሆንም ለወራት መልስ ያልሰጠ ድርጅት ከተቆጣጣሪው «ምን ሆነ?» ሲባል ቢያንስ አቋሙን በጽሑፍ ለማሳወቅ ይገደዳል፤ በምክንያት የተጻፈ እምቢታም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል፤ የሚከራከሩት ነገር ያገኛሉና።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ግን ፖሊሲው የግልግል አንቀጽ እንዳለው ያጣሩ። ካለና ሳያዩት ፍርድ ቤት ከሄዱ፣ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ እሱ ነው። የግልግል ዳኝነት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። አንዳንዱ አንቀጽ ግልግል የሚያዘው የካሳው መጠን ሲያከራክር ብቻ ነው፤ ኃላፊነት የለብኝም ሲሉ ግን በቀጥታ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ልዩነቱ ወራትን ያተርፋል ወይም ያከስራል።

ገንዘቡ ሲመጣ

ቼኩ ሲዘጋጅ አንድ ወረቀት አብሮ ይቀርብልዎታል፤ ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ነው። ወራት ደጅ የጠና ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ይፈርማል። ሳይፈርሙ በፊት መጠኑ እንዴት እንደተሰላ፣ ተቀናሹ ስንት እንደሆነ፣ የዘገዩበት ወለድ ታስቦ እንደሆነ ይጠይቁ። ያመኑበትን ገንዘብ መቀበልና በቀሪው መከራከር ከፈለጉ ይህንኑ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ከሚለው በታች ከፈረሙ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ክፍያው ቀድሞ ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ ለእርስዎ የሚደርሰው ከዕዳው የተረፈው ነው። ስለዚህ ባንኩም ባለጉዳይ ነው፤ የብድር ክፍሉ ለኢንሹራንሱ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ የባንክ ደብዳቤ ከግለሰብ ደብዳቤ ቀድሞ ሲነበብ አይቻለሁ።

ሙሉ ካሳ የተቀበለ ሰው ሊብሬውንና ቁልፉን ያስረክባል፤ በሌባው ላይ ያለው መብትም በንግድ ሕጉ ቁጥር 683 መሠረት ወደ ኢንሹራንሱ ያልፋል። መኪናው ከዚያ በኋላ ቢገኝ የኢንሹራንሱ ነው። ከክፍያው በፊት ከተገኘ ግን የእርስዎ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የጎደለውንና የተጎዳውን ብቻ ነው። ፖሊስ «ተገኝቷል» ብሎ ከጠራዎ ታርጋውን አይመኑት፤ ሊቀየር ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ቅጂ ጋር ያመሳክሩ፤ ከመረከብዎ በፊትም የኢንሹራንሱ ሰርቬየር ጣቢያው ድረስ መጥቶ እንዲያየው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ባትሪው፣ ጎማው፣ ቴፑ የጠፋው ሌባው እጅ ላይ ሳለ ነው ወይስ እርስዎ ከተረከቡት በኋላ የሚለው ክርክር የሚዘጋው በዚያች ቀን ምዝገባ ነው።